ክታብ ምንድን ነው? በባለቤቱ ቁመት የሚለካው መጽሐፍ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ የታረደ በግ ቆዳው ለዳዊትም ለክታብም ሊውል ይችላል። አሠራሩ አንድ ነው፤ መንገዳቸው የሚለያየው ሲቆረጥ ነው። ዳዊት በገጽ ይቆረጣል፣ ክታብ በሰው ቁመት። ባለቤቷ 1 ሜትር ከ60 ከሆነች ክታቧም 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ይጠብቃታል ስለሚባል፣ አንድ ስንዝር ቢያጥር አንድ ስንዝር ገላ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው።

ቃሉ «ከተበ»፣ ጻፈ ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው። ክትባትም የዚሁ ሥር ልጅ ነውና ጤና ጣቢያ ሄዶ የተከተበና አንገቱ ላይ ክታብ ያሰረ ሰው በቋንቋ ዘመዳሞች ናቸው። በሙስሊሞች ዘንድም ክታብ አለ፤ እዚህ የምናየው ግን ደብተራ በግዕዝ የሚጽፈውን የብራና ጥቅል ነው።

ቆዳው በቢላ ሳይሆን በጡጫ ቢገፈፍ ይመረጣል። ቢላ የነካው ቦታ ለዓይን ባይታይም፣ ቆዳው እንጨት ላይ ሲወጠር ተከፍቶ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ይሆናል። ቀናት ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ በኋላ በገመድ ይወጠርና ሥጋውና ሞራው በውስጥ በኩል፣ ፀጉሩ በውጭ በኩል ይፋቃል። ሞራ የቀረበት ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ፊደሉ ውሎ አድሮ ይረግፋል። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ በእንጦጦ ጭጋግ የተወጠረ ቆዳ ሳይደርቅ ይሸታል።

አንድ የበግ ቆዳ የሰው ቁመት ስለማይደርስ ከስንዝር የጠበቡ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁራጮች በቀጭን የቆዳ ጠፈር ተሰፍተው ይቀጠላሉ። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል፣ በመቃ ብርዕ ይጻፋል። ጥቁሩ ቀለም በዋናነት ከጥላሸት ነው። ቀዩ ለመክፈቻው፣ ለቅዱሳን ስምና ለባለቤቱ ስም ይቆያል።

ጽሑፉ «በስመ አብ» ብሎ ይነሳና በዓይነ ጥላ፣ በቡዳ፣ በሾተላይ ላይ የሚደገሙ ጸሎቶችን ያከታትላል። ልጅ የሚሞትባት ሴት ክታብ ላይ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት አይቀርም፤ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን የወጋው እሱ ነውና። በየመካከሉ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ወይም በስምንት ጫፍ ኮከብ መሃል የተሣለ ባለ ትልልቅ ዓይን ፊት ይገባል። ሥዕሉ ጌጥ አይደለም፤ ጋኔኑ አይቶት እንዲሸሽ ነው። አብዛኛው ባለቤት ግዕዝ ስለማያነብ የዚህ መጽሐፍ አንባቢ ሰው ሳይሆን ጋኔን ነው ቢባል ያስኬዳል። ቤተ ክርስቲያን አስማትን ብትኮንንም የሚጽፉት በቤቷ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው የቆየ ቅራኔ ነው።

ቀረብ ብሎ መታየት ያለበት ስሙ ነው። ጽሑፉ ለወንድ «ገብርከ»፣ ለሴት «አመትከ» ይላል፤ ቀጥሎ የክርስትና ስም ይመጣል። ክታብ ውድ ስለሆነ ይወረሳል፣ ይሸጣልም፤ ያኔ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ ይገባል። የተፋቀው ቦታ ሻካራ ስለሚሆን ቀለሙ ይፈስበታል። «ገብርከ» ካለ በኋላ «ወለተ ማርያም» የሚል ካገኙ፣ ስሙን የቀየረው ሰው ሰዋስዉን ረስቶታል።

ወደ እንጦጦ መውጫ ላይ «የጥንት ነው» የሚል ጥቅል ቢቀርብልዎ ሙሉውን ዘርግተው ይዩ። በእውነት የተያዘ ክታብ እጅ የነካው የውጭ ጫፉ ጠቁሮ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ቡናማ ከሆነ፣ ከስፌቱ እጥፋት ሥር ጭምር፣ ሆን ተብሎ በጭስ እንዲያረጅ የተደረገ ነው። እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ከአያት የወረሱት ካለ ፌስታል ውስጥ አያስቀምጡት፤ ርጥበት ይታፈንና ይሻግታል። ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ስሕተት ነው፤ ብራናው ይኮማተርና ቀለሙ ይሰነጠቃል። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሎ፣ አይጥ ከማይደርስበት ቁም ሳጥን፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።