ትን ማለትና መታነቅ፦ ጀርባ መምታቱ ይሠራል ወይ?

ደብረ ማርቆስ፣ ሠርግ ቤት። ጥሬ ሥጋ የጎረሰ ሰው ዓይኑ ሲፈጥ ግማሹ «ውኃ ስጡት» ይላል፣ ግማሹ ጀርባውን ይደልቃል።

መጀመሪያ ቃሉን እንለይ። ትን ያለው ሰው ያስላል፤ ሳል ካለ አየር አለ፣ «አይዞህ፣ አስል» ማለት ይበቃል። የታነቀው ግን መናገርም ማሳልም አይችልም። ውኃውን ተዉት፤ የተዘጋ የአየር ቧንቧ አይከፍትም።

ግር የሚያሰኘው ለታነቀ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ መለዋወጡ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይምሊክ ሆድን ወደ ውስጥና ወደ ላይ የመግፋትን ዘዴ በ1974 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ውሾች ላይ ሞክሮ ነው። ጀርባ መምታትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ታዲያ የቱ እንደሚበልጥ ለምን በሰው አይፈተንም? የሚታነቅን ሰው ዕጣ አውጥቶ «አንተን ጀርባህን፣ አንተን ሆድህን» ማለት አይቻልማ! ማስረጃው የሚለቀመው ከአስከሬን ሙከራና ከደረሱ አደጋዎች መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ሞክሮ የትኛው እንዳዳነው አይለይም።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር የ2025 መመሪያ ሁለቱንም ያፈራርቃል፦ 5 ጊዜ ጀርባ፣ 5 ጊዜ ሆድ። የእናቶቻችን እጅ ያን ያህል አልተሳሳተም ማለት ነው፤ ብቻ ሰውየው ጎንበስ ይበል፣ ምቱም በመዳፍ ተረከዝ (ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው የመዳፍ ክፍል)፣ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሃል ይሁን። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ሆድ አይገፋም፤ በምትኩ ደረት ነው። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።