«ዓለም ያልፋል፤ ፍቅርና ዜማ ግን ይኖራሉ»

በስኮትላንድ፣ ሃይላንድስ በሚባለው ተራራማ አገርና ከዚያ በስተምዕራብ ባሉት ደሴቶች፣ ጌሊክ የሚባል ጥንታዊ ቋንቋ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የስኮትላንድ ተናጋሪዎቹ 57 ሺህ ገደማ ነበሩ። በዚህ ቋንቋ ካሉት አባባሎች ሁሉ ልቤ ውስጥ የገባው ይህ ነው፦ «ሂክ ክሪኧኽ ኤር ኧን ቱኧል፣ አኽ ማሪ ጉል ኢስ ክዮል።» ዓለም መጨረሻው ይመጣል፤ ፍቅርና ዜማ ግን ይኖራሉ ማለት ነው።

ዛሬ በሠርግ ይጠቀሳል፣ በቀለበት ላይም ይቀረጻል። ስለዚህ የፍቅረኞች ማሞካሻ ይመስላል። እኔ ግን የሐዘንተኛ ቃል ነው የምለው። ምክንያቴን ከቃላቱ ልጀምር።

«ሱኧል» (በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ቱኧል» የሆነው) ዓለም ነው፤ ዕድሜም ነው። ጌሊክ ተናጋሪ «በሱኧሌ ሙሉ» ካለ «በዕድሜዬ ሙሉ» ማለቱ ነው። ቃሉ ከላቲኑ «ሴኩሉም» የመጣ ነው፤ እሱም ዘመን ማለት ነው። እኛም ብንሆን «ለዓለመ ዓለም» ስንል የምንቆጥረው ዘመንን እንጂ ምድርን አይደለም። ስለዚህ አባባሉ የምጽአትን ቀን ብቻ አይናገርም፤ የአንድ ሰው ዕድሜም ሲያልቅ የሚተርፈውን ይናገራል። ደግሞ «ቱኧል» እና «ጉል»፣ ዓለምና ፍቅር፣ በጆሮ ሲሰሙ ቤት ይመታሉ፤ የሚያልፈውና የማያልፈው በአንድ ድምፅ ተያይዘዋል። ይህን በአማርኛ ማምጣት አልቻልኩም። «ይቀራሉ» ብዬም እንዳልተረጉም ፈራሁ፤ መቅረት በእኛ ቋንቋ መትረፍም መጥፋትም ነውና።

«ሰማይና ምድር ያልፋሉ፥ ቃሌ ግን አያልፍም» የሚለውን ለሚያውቅ ሰው የአነጋገሩ ቅርጽ አዲስ አይደለም። እዚያ አገር ግን ከአምላክ ቃል ቦታ አጠገብ ዜማን ማስቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስካይ ደሴት የተነሡ ሰባኪዎች ቫዮሊንና ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ የዜማ መሣሪያ) የኃጢአት መሣሪያ ናቸው ብለው ሕዝቡን እሳት ውስጥ እንዲጥላቸው አድርገዋል።

ፍቅርና ዜማ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት ወደ 1570 መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ኤፕሪል 7 ቀን ግሬጎር ማክግሬጎር የተባለ የጎሣ አለቃ አንገቱን ተቀላ። ያስገደሉት ካምቤሎች የተባሉ ሌላ ጎሣ ናቸው፤ ሚስቱ ማሪዮንም የካምቤል ልጅ ነበረች። የባሏ ገዳዮች የገዛ ወገኖቿ ናቸው ማለት ነው። ያኔ የወጣው ሙሾ «ግሪጋል ክሪ» ይባላል፤ ግሬጎር የልቤ እንደማለት ነው። ሴትዮዋ ሕፃኗን እሹሩሩ እያለች ነው የምታለቅሰው። የመንደሩ ሴቶች በሰላም ተኝተዋል፣ እሷ መቃብሩ አጠገብ እጆቿን ታጋጫለች። ጽዋ ቢኖራት ኖሮ መሬት ላይ የፈሰሰውን ደሙን ጠጥታ ትረካ ነበር። ዘመዶቿንም ትረግማለች። ይህ ሁሉ ለልጅ ማስተኛ በሚሆን ዝግ ያለ ዜማ ነው የሚባለው። የገደሉት ጌቶችም፣ የሞተለት የጎሣ ሥርዓትም የሉም፤ ዘፈኑ ግን ከ450 ዓመት በኋላም ይዘፈናል።

እንዲህ ያለ ዜማ በቃል ብቻ ይህን ያህል ዘመን የሚሻገረው በሥራ መሀል ስለሚዘፈን ነው። እናት ልጅ ስታስተኛ ትዘፍናለች፤ የባግፓይፕ መምህር እንኳ ለደቀ መዝሙሩ ዜማውን የዜማ ምልክት በሆኑ ትርጉም አልባ ድምፆች እየዘፈነ ነበር የሚያስጠናው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሱፍ ጨርቅ ውቂያ ነው። ጨርቁ ከሽመና ዕቃው ሲወርድ ሳሳ ያለና ቅባት ያለው ስለሆነ፣ ቆይቶ በጠነከረ ሽንት ያርሱታል። ከዚያ ሴቶች በረጅም ሳንቃ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥቡን ጨርቅ እየመቱ፣ ወደ ጎን ለጎረቤት እየገፉ በክብ ያዞሩታል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። የሥራው ጊዜ የሚለካው በዘፈን ነው፤ ጨርቁ ገና ካልጠበቀ «ጥቂት ዘፈን ይቀረዋል» ይባላል። በአንድ ውቂያ አንድን ዘፈን መድገም ገድ አይደለም ተብሎ ስለሚታመን፣ ሴቶቹ ብዙ ዘፈን ማወቅ ነበረባቸው። በዚህ መንገድ የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግጥሞች ማንበብ በማያውቁ ሴቶች አፍ ቆዩ።

ያ ዓለም በእርግጥም አልፏል። በ1746 ብዙ የሃይላንድስ ጎሣዎች በከሎደን ጦርነት በመንግሥት ጦር ከተሸነፉ በኋላ የጎሣው ሥርዓት ፈረሰ። ከዚያም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለርስቶቹ መሬቱን ለበግ ፈልገው ገበሬውን ከቀዬው ነቀሉት። ብዙ ሺህ ሰው በመርከብ ተጭኖ ወደ ካናዳ ሄደ፤ ኬፕ ብሪተን ደሴት ላይ የሰፈሩትም ከቤታቸው ይዘውት የወጡት ዋና ነገር ዘፈናቸው ነበር።

እዚያ ዛሬም የልጅ ልጆቻቸው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጨርቅ ይመታሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጨርቁ ገና ድሮ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ የሚመቱት ለዘፈኑ ብለው ነው።