አየር ኃይልና አየር መከላከያ እንዴት ይደራጃሉ?

ስለ አንድ አገር አየር ኃይል ሲነሳ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ጄት አለው?» ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት «ማን ያያል? ማንስ ያዛል?» የሚለው ይመስለኛል።

መዋቅሩ ራሱ አይከብድም። መሠረቱ ስኳድሮን ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 የሚሆኑ ተመሳሳይ አውሮፕላኖች ከነአብራሪዎቻቸውና ከነቴክኒሻኖቻቸው ማለት ነው። ተዋጊው፣ የትራንስፖርቱ፣ ሄሊኮፕተሩ፣ የማሠልጠኛው የየራሱ ስኳድሮን አለው። ስኳድሮኖቹ በአየር ምድቦች ሥር ይሰባሰባሉ፤ የምድቦቹ ተጠሪነት ደግሞ ለዋናው መምሪያ ነው።

አየር መከላከያው ሌላ ዓለም ነው። ራዳር አለ፣ ሩቅና ቅርብ የሚመቱ ሚሳይሎች አሉ፣ ፀረ አውሮፕላን መድፍ አለ። እነዚህ የሚደራረቡት ወደው አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች መሬት ላይ የተተከለ ራዳር ዝቅ ብሎ የሚበርን አውሮፕላን የሚያየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ያመለጠ ሌላው ጋ መያዝ አለበት።

ይህን ሁሉ በአንድ ገመድ ማሰር እንደሚቻል በደንብ ያሳየችው በ1940 እ.ኤ.አ. ከጀርመን አውሮፕላኖች ጋር የተዋጋችው እንግሊዝ ናት። የተዋጊ አውሮፕላኖቹ አዛዥ ሂዩ ዳውዲንግ ነበር። ራዳሮቹ ወደ ባሕሩ ያያሉ፣ አውሮፕላኑ ወደ የብስ ካለፈ ደግሞ መነጽር የያዙ ታዛቢዎች ይከተሉታል፣ ወሬው ሁሉ በስልክ ይሰበሰባል፣ ተጣርቶ ካርታ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ አብራሪው በሬዲዮ ወደ ጠላት ይመራል። አብራሪዎቹ ሰማይ ለሰማይ ሲዞሩ ነዳጅ አይጨርሱም ነበር። በጣም የማደንቀው ይህንን ነው።

ሚሳይሉ የማን ይሁን የሚለው ግን ዛሬም አገሮችን ይለያያል። ሶቪየት ኅብረት በ1948 አየር መከላከያን ራሱን የቻለ ኃይል አደረገችው። ግብፅም ከእስራኤል ጋር ባደረገችው የ1967ቱ ጦርነት አውሮፕላኖቿ መሬት ላይ እንዳሉ ከተመቱባት በኋላ በ1968 እንዲሁ አደረገች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ተዋጊ ጄቱ የአየር ኃይሉ ሆኖ የፓትሪዮት ሚሳይል የምድር ጦሩ ነው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ጄትና ሚሳይል አንድ ሰማይ ላይ ሲሠሩ ካልተናበቡ የሚሞተው የራስ ሰው ነው። ሜይ 1 ቀን 1960 ሶቪየቶች የአሜሪካውን ዩ-2 ስለላ አውሮፕላን ሲጥሉ፣ ሊያሳድደው የተነሳ የራሳቸውን ሚግ-19 ተዋጊ ጄትም በሚሳይል መቱ፤ አብራሪው ሞተ። በ2003 ኢራቅ ጦርነት ላይም ፓትሪዮት የእንግሊዝን ቶርኔዶ ጄት ጥሎ ሁለት ሰዎች ገደለ።

ለዚህ ነው አውሮፕላኖች ወዳጅነታቸውን የሚያሳውቅ ምልክት በሬዲዮ የሚልኩት፣ የሚያልፉበት መስመርም ቀድሞ የሚነገረው። ተኳሹም ከሦስት ትእዛዞች አንዱን ይዞ ይቀመጣል፦ ወዳጅ መሆኑን ያላወቅኸውን ምታ፣ ጠላት መሆኑን ያረጋገጥኸውን ብቻ ምታ፣ ወይም ካልተጠቃህ ወይም ካልታዘዝህ በቀር አትተኩስ።