«በምን አወቅህ?» እና «ለምን ሆነ?»፦ ሙግትንና ማብራሪያን መለየት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የወረደ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ያውቀዋል። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ልብሱን ማላላት ይጀምራል። አንዲት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ እያጠፉ «ሞቀኝ፤ ኮምቦልቻ ደርሰናል ማለት ነው» ይላሉ። አጠገባቸው ያለው የልጅ ልጅ ይሰማና «እማማ፣ ኮምቦልቻ ለምን ይሞቃል?» ብሎ ይጠይቃል። «ቆላማ ስለሆነ ነዋ ልጄ!»

እኚህ እናት በአንድ ትንፋሽ ሁለት የተለያየ ሥራ ሠርተዋል። መጀመሪያ ሙግት አቀረቡ። መድረሳቸው ገና አልታወቀም፤ ሙቀቱን አስረጅ አድርገው መድረሳቸውን ደመደሙ። ቀጥለው ማብራሪያ ሰጡ። የኮምቦልቻን ሙቀት ልጁም አይጠራጠርም፣ ላብ ላብ እያለው ነው። የፈለገው ከምን እንደመጣ ማወቅ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በዚያች አጭር ቁልቁለት ብቻ 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይመጣል።

በሥነ አመክንዮና በሂሳዊ አስተሳሰብ ትምህርት ውስጥ ተማሪ መጀመሪያ ከሚለማመዳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ የቀረበለት ንግግር ሙግት ነው ወይስ ማብራሪያ? ሙግት ቢያንስ አንድ አስረጅና አንድ ድምዳሜ አለው። አስረጁ የታወቀ ወይም ተቀባይነት ያለው ነገር ነው፤ ድምዳሜው ደግሞ ገና የሚያጠራጥረው። በማብራሪያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሚብራራው ጉዳይ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ አዲስ የሚመጣው የሚያብራራው ክፍል ነው። ስለዚህ ቀላሉ መፈተኛ እዚህ ላይ ነው፦ ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አድማጩ የሚጠራጠረው የትኛውን ነው?

በአማርኛ ይህን መፈተኛ በሁለት ጥያቄ እንይዘዋለን። «በምን አወቅህ?» ብለን ስንጠይቅ ሙግት እንፈልጋለን። «ለምን ሆነ?» ስንል ማብራሪያ እንፈልጋለን። እኔ በግሌ ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ይልቅ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አምናለሁ። ልጅም አዛውንትም ያውቃቸዋል።

ችግሩ «ምክንያት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ይህ ቃል ብዙ ጫና ተሸክሟል። «የእሳቱ ምክንያት» ስንል አንድን ነገር ያስከተለውን ነገር ማለታችን ነው። «ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ» ስንል ግን አስረጅ ማለታችን ነው። «ምክንያት አታብዛ!» ስንል ደግሞ ማመካኛ፣ ሰበብ ማለታችን ነው። «ሰበብ» ራሱ ከዐረብኛ ነው፤ እዚያ መንስኤ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ማምለጫ ወደ መሆኑ አዘነበለ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ አንዱን የጠየቀ ሰው ሌላውን ተቀብሎ ሊሄድ ይችላል። ሳያውቀው ማለቴ ነው።

አያያዥ ቃላትም ብዙ አይረዱም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚማር፣ አስረጅንና ድምዳሜን የሚጠቁሙትን ቃላት በዚያው ቋንቋ ይሸመድዳል። ከዚያ የአማርኛ ጋዜጣ ሲያነብ ቃላቱ የሉም። ያሉት ከግስ ጋር ተጣብቀው ነው። «ስለ» ከፊት ይመጣል፣ «ና» ከኋላ ይለጠፋል። «ዘንቧልና ወንዙ ሞልቷል»፣ «ወንዙ ሞልቷልና ዘንቧል»፤ የመጀመሪያው ማብራሪያ፣ ሁለተኛው ሙግት ሊሆን ይችላል፤ «ና» ግን ያው «ና» ናት። «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» እና «ስለሆነም» አብዛኛውን ጊዜ ድምዳሜን ያመለክታሉ። ከቢሮ ደብዳቤ የተቀበለ ሰው «በመሆኑም» የሚለውን ሲያይ ሆዱ የሚፈራው ውሳኔው ከዚያ ቀጥሎ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። «እንግዲህ» ግን እምነት አይጣልበትም። አንዳንዴ ድምዳሜ ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ለማስጀመር ብቻ ነው። ድምዳሜው ጭራሽ ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜም አለ። «ሰማዩን አይተህ ጃንጥላ ሳትይዝ ትወጣለህ?» የሚል ሰው ጥያቄ የጠየቀ ይመስላል እንጂ እየሞገተ ነው።

ልዩነቱ ያረጀ ነው። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን «እንዲህ መሆኑን ማወቅ» እና «ለምን እንዲህ እንደሆነ ማወቅ» የተለያዩ መሆናቸውን አስተምሯል። የሰጠው ምሳሌ ዛሬም ያምራል። ፕላኔቶች እንደ ከዋክብት ብልጭ ድርግም አይሉም። ከዚህ ተነስተን «ስለዚህ ቅርብ ናቸው» ብንል መሆኑን አወቅን። «ቅርብ ስለሆኑ ብልጭ ድርግም አይሉም» ብንል ግን ለምን እንደሆነ አወቅን። ዓረፍተ ነገሮቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው አቅጣጫው ነው። የዛሬ ሥነ ፈለክም በመሠረቱ ይስማማል፤ ፕላኔቶች ቅርብ በመሆናቸው ክባቸው ሰፋ ብሎ ስለሚታይ የአየሩ መናወጥ ብርሃናቸውን በቀላሉ አያርገበግበውም።

ይህ ሐሳብ በዐረብኛ ሊቃውንት በኩል አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና ሁለት ዓይነት ማረጋገጫ ይለያል፤ መሆኑን የሚያሳየው «ቡርሃኑ ኢንኒ» ሲባል፣ ለምን እንደሆነ የሚያሳየው «ቡርሃኑ ሊምሚ» ይባላል። የተለመደው ምሳሌ ጭስና እሳት ነው። ወሎ ውስጥ አመሻሽ ላይ ከገጠር ቤት ጣሪያ ጭስ ሲወጣ ያየ መንገደኛ «ሰው አለ፣ እሳት ነድዷል» ብሎ ይጠጋል። ከጭስ ወደ እሳት ሄደ፤ ይህ ኢንኒ ነው። እቤት ውስጥ ያለችው ሴት ግን ዓይኗን እያሻሸች «እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ነው የሚጨሰው» ትላለች። እሷ ጭሱን አልተጠራጠረችም፣ እያስለቀሳት ነው። ይህ ሊምሚ ነው። መንጢቅ፣ ማለትም ሥነ አመክንዮ፣ ከነህው (ከዐረብኛ ሰዋስው) እና ከፊቅህ (ከእስልምና ሕግ) ጋር በነባሩ የእስልምና ትምህርት ውስጥ ከሚቆጠሩት ዕውቀቶች አንዱ ነው። ወሎ ደግሞ በዚህ ትምህርት ለረጅም ዘመን ደረሳ፣ ማለትም ተማሪ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣበት አገር ነው።

በቤተ ክርስቲያን በኩልም ተመሳሳይ ልምምድ አለ። ከሦስቱ ታላላቅ የቅኔ ስልቶች አንዱ በሰሜን ወሎው ዋድላ ስም ይጠራል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያገኘ ሰው «በየት በኩል አወጣኸው?» ቢባል ቃሉን ነቅሶ ማሳየት አለበት። ያ በትክክል አስረጅ ማቅረብ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ከሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ ነው። ወሎ፣ ወልዲያና መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የገባ ፍሬሽማን ሁሉ ያልፍበታል።

ግን ከክፍል ውጭ ነው ዋጋው የሚታየው። እንበልና አንድ ወጣት ላሙ ጠፍታበት ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ።

«ላሜን የወሰዳት ጎረቤቴ ነው።»

«በምን አወቅህ ልጄ?»

«ኧረ አባቴ፣ እሱ እኮ ድሮም በድንበር ጉዳይ ቂም ይዞብኛል!»

«ቂሙ ይቆየን። ሲነዳት ያየ ሰው አለ? ዱካዋ በየት በኩል ሄደ?»

እኚህ ሽማግሌ ምን እንዳደረጉ ልብ በሉ። ወጣቱ ሙግት ተጠይቆ ማብራሪያ ሰጠ። ጎረቤቱ ላሚቱን ወስዶ ቢሆን ኖሮ ቂሙ ለምን እንደወሰዳት ያብራራ ነበር። መውሰዱን ግን አያሳይም። ቂም ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ላም የሚነዳው ጥቂት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ከምናያቸው ውንጀላዎች ስንቱ እንዲህ እንደሆነ ሳስበው ያሳዝነኛል። «ይህን ያደረገው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጥቅም አለው» ይባላል። ሺህ ሰው ይቀባበለዋል። «በምን አወቅህ?» የሚል አንድ ሽማግሌ ይጠፋል።

በእምነት ጉዳይም እንዲሁ ነው። «ይህን ለምን ታምናለህ?» የተባለ ሰው «አያቶቼም እንዲህ ይሉ ነበር» ቢል፣ እምነቱ ከየት እንደመጣለት ነገረን። እውነት ለመሆኑ አስረጅ ለመስጠት ግን ሌላ እርምጃ ይቀረዋል።

ሙግትም ማብራሪያም ያልሆነ ንግግር ሞልቷል። ምክር፣ ማስጠንቀቂያ፣ ዜና፣ ገለጻ፣ ምሳሌ። «ዝናብ ከቀረ እህል ይወደዳል» የሚለውም ብቻውን ሙግት አይደለም፤ ዝናቡ መቅረቱንም እህሉ መወደዱንም አልተናገረም። «ዝናቡ ቀርቷል» የሚል ሲጨመርበት ያኔ ድምዳሜ ይወልዳል።

አስቸጋሪው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው። ለዚህ የወሎን ያህል ከባድ ምሳሌ አላውቅም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ መድረሱን ማንም አይከራከርም። ያለቀው ሰው፣ የተሰደደው ቤተሰብ፣ ከዚያም መስከረም 2 ቀን 1967 የወደቀው መንግሥት የታወቀ ታሪክ ነው። ስለዚህ «ለምን ተራብን?» የሚለው ጥያቄ ማብራሪያ ይጠይቃል። የተለመደው መልስ ድርቅ ነው። ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ተራበ።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ይህ ማብራሪያ አይበቃም አለ። የአገሪቱ የምግብ ምርት በአጠቃላይ ያን ያህል እንዳልወረደ አሳየ። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ብዙ እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበር ጠቀሰ። የሱ ማብራሪያ የመግዛት አቅም ማጣት ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ፤ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የተረፈችውን ቢሸጥ የምታመጣለት እህል አነሰ። ገበያው ላይ እህል እያለ ሰው እጁ ባዶ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ረሃቡን በተመለከተ ሴን ማብራሪያ ሰጠ። ማብራሪያው ከሌላው የተሻለ መሆኑን ለማሳመን ግን ሙግት አቀረበ፤ የዋጋውና የእህል ዝውውሩ መረጃ የዚያ ሙግት አስረጅ ነው። ማብራሪያው በሙግቱ ውስጥ ድምዳሜ ሆኖ ተቀመጠ። ከተለያዩ ማብራሪያዎች የተሻለውን መርጦ መደምደም የሚባለው የአመክንዮ ዓይነት ይህ ነው።

ሙግት ስለሆነም መልስ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1988 ስቲቨን ዴቨሮ የተባለ ተመራማሪ የወሎን ጉዳይ እንደገና አንስቶ፣ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ የምግቡ መጥፋት ራሱ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ተከራከረ። በሱ አነጋገር የዋጋ አለመጨመር እህል መኖሩን አያሳይም፤ የተራበው ሰው ገንዘብ ከሌለው ገበያው ጥያቄውን አይሰማውም፣ ዋጋም አይንቀሳቀስም። አንዱ የደሴን ዋጋ እህል ለመኖሩ አስረጅ ሲያደርገው፣ ሌላው ያንኑ ዋጋ በድህነት አብራራው።

አንድ ነገር ልጨምር። እህል ለምን እንዳልደረሰ፣ የረሃቡ ወሬ ለምን እንደተዳፈነ ማብራራት፣ ያን ያደረገውን ክፍል ነጻ ማውጣት አይደለም። «ምክንያቱ ይህ ነበር» የሚለው ንግግር ከመንስኤ ወደ ማመካኛ የሚያልፈው በቀላሉ ነው፤ ቃሉ ያው አንድ ስለሆነ። ከዚያ ዘመን የተረፉ አዛውንቶች «ድርቅ ነበር» የሚል ሲሰሙ አንዳንዶቹ ፊታቸው የሚጠቁረው ለዚህ ይመስለኛል። ዝናቡ መቅረቱን አይክዱም። እነሱ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ መንገዱ እያለ፣ እህሉ በዚያው መንገድ ሲያልፍ እያየን፣ ለምን ለእኛ አልቆመም?