«ኤቭሪ» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎረቤቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻዋን ይዛ መጣች። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው። አንድ ቦታ ላይ «ኤቭሪ ስቱደንት ሃዝ»፣ እያንዳንዱ ተማሪ አለው፣ ብላለች። እንዲያይላት የሰጠችው ሰው በቀይ ሰርዞ «ኤቭሪ ስቱደንትስ ሃቭ» አድርጎታል። ትክክለኛው ተሰርዞ ስህተቱ ተተካ ማለት ነው። በትርጉም ሥራዬ ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ደህና የተጻፈ ነገር «ታርሞ» ሲበላሽ ግን ያማል። ልጅቷ የምታውቀውን መጠራጠር ጀምራለች።

አራሚውን አገኘሁትና ጠየቅኩት። መልሱ ይህ ነበር፦ «ኤቭሪ ማለት ሁሉ ነው። ሁሉ ደግሞ ብዙ ነው። ብዙ ከሆነ ስሙም ግሱም ይበዛል።»

ሲሰሙት ያሳምናል። ችግሩ ያለው መሃል ላይ፣ «ሁሉ ደግሞ ብዙ ነው» የሚለው ጋ ነው።

መምህር ጠዋት አቴንዳንስ ሲይዝ አስቡት። ክፍሉ ውስጥ 45 ተማሪ አለ። መምህሩ ግን 45ቱን ባንዴ አይጠራም። አንድ ስም ይጠራል፣ አንድ «አቤት» ይሰማል፣ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ዝርዝሩ ሲያልቅ የሁሉንም አውቋል። በየመስመሩ ያገኘው ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው። «ኤቭሪ» ማለት ይህ ስም ጥሪ ነው። ስሙና ግሱ የሚስማሙት መስመሩ ላይ ካለው ከአንዱ ልጅ ጋር ነው እንጂ ከድምሩ ጋር አይደለም። «ስቱደንት» እና «ሃዝ» በነጠላ የሚቀሩትም ለዚህ ነው።

በሙሉ የሚለው «ኦል» ግን ደወሉ ነው። ሲደወል ተማሪዎቹ ባንድነት ወጥተው ይሰለፋሉ። ስለዚህ «ኦል ዘ ስቱደንትስ ጋዘርድ»፣ ተማሪዎቹ በሙሉ ተሰበሰቡ፣ ማለት ያስኬዳል። «ኤቭሪ ስቱደንት ጋዘርድ» ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጣል። አንድ ልጅ ብቻውን እንዴት ይሰበሰባል? ተማሪዎች ጠረጴዛ አነሱ ስንልም ልዩነቱ ይታያል። በ«ኦል» ከሆነ ተጋግዘው አንስተውት ሊሆን ይችላል። በ«ኤቭሪ» ከሆነ ግን የተነገረን እያንዳንዱ ልጅ በየራሱ እንዳነሳ ነው።

አራሚው በዚህ አልተረታም። «ታዲያ ‹ኤቭሪዋን ሃዝ ዜር ኦውን›፣ እያንዳንዱ የራሱ አለው፣ ሲሉ ‹የእነሱ› የሚለውን ‹ዜር›ን ከየት አመጡት? የብዙ አይደለም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ግሱን እዩት፦ «ሃዝ» ነው፣ ነጠላ ነው። «ዜር» የገባው ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት ስላልተለየ ነው። እንግሊዞች በዚህ መንገድ ሲጠቀሙበት ከ600 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛም «አባቴ መጡ» እንላለን። ግሱ የብዙ መልክ ስላለው አባታችን ብዙ አይሆኑም። አንድ ሰው ናቸው፤ መልኩ የመጣው ለአክብሮት ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን ከሁሉ የበለጠ ቅር አሰኘኝ። «አማርኛችን ነው የሚያሳስተን» አለ። በፍጹም አልስማማም! አማርኛ ይህን ነገር ጥርት አድርጎ ያውቀዋል። «ሰው ሁሉ ሄደ» እንላለን፤ ስሙም ነጠላ፣ ግሱም ነጠላ። «እያንዳንዱ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርጋችሁ እዩት። «እየ» አለ፣ «አንድ» አለ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና «አንዱ» አለ። አንድ የሚለው ቁጥር ሁለቴ ተቀምጦበታል። «ኤቭሪ»ም እንዲሁ ተጣብቆ የተሠራ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነበር፤ የዛሬዎቹ «ኤቨር» እና «ኢች» መሆናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውን የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫም ተመልከቱ። አንቀጽ 1 በእንግሊዝኛው በ«ኦል» ይጀምራል፣ ስሙም በብዙ ቁጥር ነው። አማርኛው ግን «የሰው ልጅ ሁሉ ሲወለድ ነጻና በክብርና በመብትም እኩልነት ያለው ነው» ይላል። ነጠላ! እዚህ ላይ አንድ በአንድ የቆጠረው አማርኛው ነው። ስለዚህ ስህተቱን አፍ በፈታንበት ቋንቋ ላይ አናላክከው።

«ኤቭሪ ቱ ዊክስ» ላይ ብዙ ቁጥር ማየታችሁ አያደናግራችሁ። ሁለቱ ሳምንት እንደ አንድ ርቀት ተቆጥሮ ነው። በአማርኛም «በየሁለት ሳምንቱ» ነው የምንለው።

ሌላም ስህተት አለ፤ እሱ ሰዋስው ላይ ሳይሆን እውነት ላይ ነው የሚመጣው። ስለ አንድ ነገር በጥቅሉ ለመናገር ስንፈልግ «ኤቭሪ»ን እንመዛለን። «ሞስኪቶዝ ትራንስሚት ማላሪያ»፣ ትንኞች ወባ ያስተላልፋሉ፣ የሚለው እውነት ነው። «ኤቭሪ ሞስኪቶ» ካላችሁ ግን ሐሰት ሆነ። ወባን ወደ ሰው የምታስተላልፈው አኖፊለስ የምትባለው ትንኝ፣ ያውም ሴቷ ብቻ ናት። ስም ጥሪ ላይ አንድ ልጅ ከቀረ «ሁሉም አለ» ማለት አይቻልም። በጥቅሉ መናገር ግን መምህሩ ሻይ ላይ «ክፍልህ እንዴት ነው?» ተብሎ «ጎበዞች ናቸው» እንደማለቱ ነው። ዝርዝሩን አልከፈተም። ሁለት ሰነፍ ልጅ ቢኖርም ዋሽቷል አይባልም። ስም ተጠርቶ የማይሆን ነገርም አለ። «ዳይነሶርስ አር ኤክስቲንክት»፣ ዳይነሶሮች ጠፍተዋል፣ ይባላል፤ «ኤቭሪ ዳይነሶር» አይባልም። አንድ እንስሳ ይሞታል እንጂ አይጠፋም። የሚጠፋው ዘሩ ነው።

«ኤኒ»፣ ማንኛውም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝርዝሩ ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ መምህር ነው፤ ማንም ላይ ቢያርፍ ግድ የለውም። እንደ «ኤቭሪ» እያንዳንዱ ማለት የሆነው «ኢች» ደግሞ ስም ሲጠራ ቀና ብሎ የልጁን ፊት የሚያይ ነው። ውል ለምትተረጉሙ ይህን ያዙ፦ «ኤቭሪ» ከሦስት ጀምሮ ነው። ተዋዋዮቹ ሁለት ከሆኑ «ኢች ፓርቲ» እንጂ «ኤቭሪ ፓርቲ» አትበሉ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው አሉታዊ ግስ ሲመጣ ነው። «ኤቭሪ ስቱደንት ዲድ ኖት ፓስ» ቢባል ማንም አላለፈም ነው ወይስ ያላለፉ አሉ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የእኛ «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም» ላይም ይኸው አለ፤ የምንግባባው ተረቱን ስለምናውቀው ብቻ ነው። ውል ላይ ግን ተረት የለም፤ ሁሉም አይደለም ለማለት «ኖት ኤቭሪ»፣ ማንም ለማለት ደግሞ «ኖ» ብሎ መለየት ግድ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 15 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አማርኛው ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር በ«ማንኛውም ሰው» ይጀምራል። መጀመሪያ በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፤ ከዚያ በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር ሕይወቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን «ኤቭሪ ፐርሰን» ይለዋል። ሁለተኛውን ግን «ኖ ፐርሰን» ብሎ ነው የሚጀምረው። አማርኛው አንድ ቃል ስለደገመ ብላችሁ እዚያም «ኤቭሪ» ብትደግሙ፣ አንዳንዱ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል ተብሎ ሊነበብ ይችላል።