ስለ ባዮማስ ሰብል ድጎማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ በ2008 የግብርና ሕጓ፣ ለኃይል ምንጭነት የሚውሉ ሰብሎችን ለሚያለሙ ገበሬዎች የባዮማስ ሰብል ድጋፍ ፕሮግራምን አቋቋመች። በ2014ቱ ሕግ ደግሞ ክፍያዎቹን ቀነሰች። የክፍያ ጣሪያዎቹ ከ2014ቱ ሕግ የተወሰዱ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

“መንግሥት የተከላውን ወጪ ይሸፍናል”

ግማሹን ብቻ ነው፤ እሱም ከ500 ዶላር በኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) አያልፍም። በመድልዎ ወደ ኋላ ከቀሩ ማኅበረሰቦች ለሆኑ ገበሬዎች ጣሪያው 750 ነው። ወጪው በኤከር 600 ዶላር ከሆነ 300 ይከፈላል። 1,200 ከሆነ ግን ግማሹ 600 ቢሆንም የሚገኘው 500 ነው፤ 700ው ከገበሬው ኪስ ይወጣል። በዘር የሚበቅለው ስዊችግራስ የተባለ ረጅም ሣር ጣሪያውን እምብዛም አይነካም። ሌላው ረጅም ሣር ሚስካንተስ ግን ዘር የማይሰጥ መካን ዲቃላ ስለሆነ ከመሬት በታች ያለው ግንዱ (ሪዞም) እየተቆረጠ ይተከላል፤ ለአንድ ኤከር ሺዎች ያስፈልጋሉ።

“መሬት ያለው ሁሉ ማመልከት ይችላል”

መሬቱ በጸደቀ የፕሮጀክት ቀጠና ውስጥ መሆን አለበት። ቀጠናውን የሚያቀርበው የገበሬዎች ቡድን ወይም ምርቱን የሚቀበል ፋብሪካ ነው። በ2011 የጸደቀው የመጀመሪያው ቀጠና በሚዙሪና በካንሳስ 39 ካውንቲዎችን (የክፍለ ግዛት ወረዳዎችን) ያቀፈ ነበር። ታርሶ የማያውቅ የሣር መሬት፣ የፌዴራልና የክፍለ ግዛት መንግሥታት መሬት አይገባም። የቀጠናው ገደብ ጥብቅ ቢመስልም ተገቢ ነው፤ የታሰረ ሣር ሳይከብድ ቦታ ስለሚይዝ ፋብሪካው ከራቀ ትርፉን ማጓጓዣው ይበላዋል።

“በቆሎም ለኢታኖል ስለሚውል ይደጎማል”

በዚህ ፕሮግራም አይደጎምም። በቆሎና ስንዴን የመሳሰሉ በሌላ የሕጉ ክፍል የሚደገፉ ሰብሎች አይካተቱም፤ ወራሪ ዕፅዋትም እንዲሁ።

“ምርቱ ቢሸጥም ዓመታዊው ክፍያ አይነካም”

ይህ ክፍያ መሬቱ ገቢ ሳያስገኝ ለሚቆይበት ጊዜ ማካካሻ ነው፤ ለሣር ሰብሎች እስከ 5፣ ለዛፎች እስከ 15 ዓመት። በፕሮግራሙ ደንብ መሠረት ምርቱ ከሴሉሎስ (ከዕፅዋት ቃጫ) ለሚሠራ ነዳጅ ሲሸጥ 1 በመቶ፣ ለሌላ የላቀ ባዮነዳጅ 10 በመቶ፣ ለሙቀት፣ ለኤሌክትሪክ ወይም ከባዮማስ ለሚሠሩ ሌሎች ምርቶች 25 በመቶ ይቀነሳል። ከእነዚህ ውጭ፣ ለምሳሌ ለከብት መኖ ከዋለ፣ ቅናሹ 100 በመቶ ነው።

“በእያንዳንዱ ቶን 20 ዶላር ይጨመራል”

ብዙ ስሌት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ምርቱን ለሚያስረክበው የሚከፍለው ፋብሪካው ለከፈለው ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ ዶላር ነው፤ 20 ጣሪያው ነው። ፋብሪካው በቶን 15 ከከፈለ ጭማሪውም 15 ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ደረቅ ቶን ነው። ሚዛን ላይ 100 ቶን የሆነ ጭነት እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ 70 ደረቅ ቶን ይሆናል፤ ስለዚህ የሚጠበቀው ቢበዛ 1,400 ዶላር እንጂ 2,000 አይደለም። ማመልከቻው ከመጽደቁ በፊት ለፋብሪካው ለደረሰ ጭነት አይከፈልም፤ ክፍያውም ከ2 ዓመት አይዘልም። ቀድሞ ጣሪያው 45 ዶላር ነበር። ያኔ ገንዘቡ በአብዛኛው ለእንጨት ተረፈ ምርት ስለሄደ የቺፑድ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን ተሻሙባቸው፤ በ2010 ደንቡ የጠበቀውም በዚህ የተነሳ ነው።

“በመጀመሪያው ዓመት ይታጨዳል”

ስዊችግራስ ሙሉ ምርት የሚሰጠው በ3ኛው ዓመት ገደማ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከ1 ሴንቲሜትር ብዙ ጠልቆ ከተቀበረ ቡቃያው አይወጣም። በመጀመሪያው ዓመት ናይትሮጅን መጨመር አረሙን መቀለብ ነው። አጨዳው ውርጭ ከመታው በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ንጥረ ነገሩ ወደ ሥሩ ይመለሳል፣ እርጥበቱም ይቀንሳል። ሚስካንተስን የሚያሰጋው የመጀመሪያው ዓመት ብርድ ነው፤ ሪዞሙ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ጠልቆ ይተከል። ከዛፎቹ መካከል አኻያ የሚቆረጠው በ3 ዓመት አንዴ ነው።

“ሕጉ ካለ ገንዘቡም አለ”

የ2018ቱ ሕግ ከ2019 እስከ 2023 በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ፈቀደ እንጂ አልመደበም። ኮንግረሱ በዓመታዊ በጀት ካልያዘው ፈቃዱ ብቻውን ክፍያ አይሆንም። ስለዚህ ሪዞም ከማዘዝ በፊት የካውንቲው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ ቢሮ የዘንድሮ በጀት መኖሩን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።