ካንሰር ሲያገረሽ፦ በእምነት ስም የሚነገሩ ስህተቶች

ካንሰር ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ለአማኝ ሰው የተለየ ክብደት አለው። በመጀመሪያው ጊዜ ጸልዮ፣ ታክሞ፣ ድኖ፣ በሰው ፊት ቆሞ አመስግኗል። አሁን ያ ምስጋና ሁሉ ባዶ የቀረ ይመስለዋል። በዚህ ላይ ወዳጆች በቅን ልብ የሚናገሩት ቃል አንዳንዴ ከበሽታው በላይ ያቆስላል።

«ያገረሸው እምነቱ ስለጎደለ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ካንሰር ለምን እንደሚያገረሽ ይታወቃል። ከቀዶ ሕክምና፣ ከኬሞ (የካንሰር ሕዋሳትን ከሚገድል መድኃኒት) ወይም ከጨረር በኋላ ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት ሊተርፉ ይችላሉ። በጣም ጥቂት ከሆኑ በስካን አይታዩም። ለወራት ወይም ለዓመታት አድፍጠው ይቆዩና እንደገና መራባት ይጀምራሉ። አንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ከ20 ዓመት በኋላ እንኳ ሊመለሱ ይችላሉ። ታዲያ 20 ዓመት ሙሉ ስትጸልይ የኖረችን ሴት «ምን አጥፍተሽ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስንም ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት እንደሄደ ጽፏል። እምነት ጎደለው አላለም። የኢዮብ ወዳጆች ግን «ኃጢአት ሠርተህ ነው» አሉ፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው።

«ከተመለሰማ መጀመሪያም አልዳነችም»

ስለዚህኛው ብዙ አይወራም፤ ግን ብዙ ሰው ከጉባኤ የሚያርቀው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። «ተፈውሻለሁ ብዬ በሰው ሁሉ ፊት መስክሬ፣ አሁን በምን ዓይኔ ልመለስ?» ትላለች ካንሰሩ የተመለሰባት ሴት። ታፍርና ትቀራለች። ጸሎትና ወዳጅ በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት ብቻዋን ትሆናለች።

ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሳለ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ከዚያ በኋላ ሞተ። ያ 15 ዓመት ውሸት ነበር የሚል አንድም ሰው የለም። ከመቃብር የተጠራው አልዓዛርም ሟች ሰው ሆኖ ነው የወጣው። እህቴ፣ ያኔ የሰጠሽው ምስክርነት እስከዚያ ቀን ስለሆነው ነገር ነበር፤ እውነት ነበር፣ አሁንም እውነት ነው። ልጆችሽን ያሳደግሽባቸው ጤነኛ ዓመታት በዛሬ የምርመራ ውጤት አይሰረዙም። የጸሎት ቡድን ወይም የማኅበር መሪ የሆናችሁ ደግሞ እስክትመጣ አትጠብቁ፤ እናንተ ሂዱ።

«እንደገና ኬሞ መጀመር እግዚአብሔርን አለማመን ነው»

ነቢዩ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የመዳን ተስፋ ከነገረው በኋላ፣ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ተስፋውና መድኃኒቱ አልተጣሉም። ወንጌል ጸሐፊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በጸሎት ተፈውሻለሁ የሚል ሰው መድኃኒቱን ከማቋረጡ በፊት ይመርመር። ኢየሱስ ራሱ የነጻውን ለምጻም «ራስህን ለካህን አሳይ» ብሎታል፤ በዚያ ዘመን መንጻቱን የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር።

ጾምንም በተመለከተ፣ በኬሞ ጊዜ ክብደት መቀነስና ፈሳሽ ማነስ ሰውነትን ይጎዳል። ከመጾም በፊት ሐኪሙንም የነፍስ አባትን ወይም ፓስተሩንም ማማከር ይገባል።

«አገረሸ ማለት አለቀ ማለት ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። የሆጅኪን ሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ዓይነት) እና የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር ካገረሹ በኋላም ሊድኑ ይችላሉ። በነበረበት ቦታ ብቻ የተመለሰ ካንሰር አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ይወገዳል። ሌላው ባይጠፋም ለዓመታት በመድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፦ የዚህ ሕክምና ዓላማ ማዳን ነው ወይስ መቆጣጠር? መልሱን ማወቅ ጸሎትን አያዳክምም፤ ምን ብለን እንደምንለምን ያሳውቀናል።

«አማኝ አያለቅስም»

ክርስቶስ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። መዝሙር 88ም በጨለማ ውስጥ ያልቃል፤ ማጽናኛ አልተጨመረበትም። እሱም ጸሎት ነው።

«ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው»

በዚህ ፍርሃት ብዙዎች የማስታገሻ ሕክምናን ይሸሻሉ። የማስታገሻ ሕክምና ግን ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ የትንፋሽ ማጠርንና ጭንቀትን የሚያክም ነው፤ ከኬሞ ጎን ለጎን ይሰጣል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጥናት፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ኖሮባቸው ይህን እርዳታ ቀድመው ያገኙ ሰዎች የተሻለ ኑሮ እንደኖሩና ዕድሜያቸውም እንደረዘመ አሳይቷል።

ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ አደራ ሰጥቷል። ስለዚህ የታመመችው እህታችሁ ስለ ልጆቿ ማውራት ስትጀምር «ኧረ ተይ፣ ክፉ አታውሪ!» ብላችሁ አታቋርጧት። አጠገቧ ቁጭ በሉና ስሟት። ከፈለገች ጻፉላት። ስትጨርስም አብራችሁ ጸልዩ፤ ፈውስንም ለምኑላት።